ወደ ቢሾፍቱ፣ ከአባቴና ከካልሲ ኳሳቸው ጋር

ቃሊቲ መናኸሪያ የቅዳሜ ጠዋት ጩኸቱ እንደ ድሮው ነው። ከተማዋ ቢሾፍቱ ወደሚለው ስሟ ከተመለሰች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ረዳቶቹ ግን ዛሬም «ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላሉ። እኔና አባቴ በጩኸቱ መሀል አልፈን ኮንትራት ወደያዝነው መኪና ገባን። ሚኒባሱን የተውነው ገንዘብ ተርፎን አይደለም። አባቴ ከኋላ ወንበር ላይ ተጣበው መሄድ ስለማይችሉ ነው፤ ፊት ወንበር ላይ ቀጥ ብለው፣ ጀርባቸውን አስደግፈው መቀመጥ አለባቸው። ጭናቸው ላይ አንድ ጥቁር ፌስታል አለ። በውስጡ ወፈር ያለ አጥሚት የያዘች ትንሽ ፔርሙስ፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ፣ አንድ ፎጣ እና ከአሮጌ ካልሲ የተሠራ ኳስ አለ።

ሾፌሩ ኳሱን አየና «ለልጅ ልጅዎ ነው አባባ?» አላቸው።

«የራሴ ነው» አሉ አባቴ።

ሾፌሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ደግሞ ደስ ያለኝ መልሱ ሳይሆን ድምፃቸው ነው። ትንሽ ይሻክራል እንጂ ጥርት ብሎ ይሰማል። የዛሬ ዓመት እነዚህን ሁለት ቃላት ለማውጣት ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን መጥረግ ነበረባቸው።

አባቴ የ74 ዓመት ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በደብረ ዘይት አየር ኃይል በአውሮፕላን ጥገና ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ሻምበል ባሻ» ይላቸዋል። ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ፣ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጅና እግራቸው ሰነፈ፤ አፋቸው ወደ ጎን ተሳበ፤ ንግግራቸው ተሳሰረ። ቤተሰቡም ሐኪሙም የሚያየው እጅና እግራቸውን ነበር። ጉሯሯቸውን ያየ ሰው አልነበረም። እኛም አላሰብነውም።

በሦስተኛው ቀን እማዬ ከአልጋው ሳታነሳቸው፣ አንገታቸውን በክንዷ ደግፋ፣ በብርጭቆ ውኃ አጠጣቻቸው። ትን አላቸው። ጀርባቸውን መታ መታ አደረግንና አለፈ። በማግስቱም ትን አላቸው፤ በሚቀጥለውም። ከዚያ ሳሉ ቆመ፤ «ተመስገን ተሻለው» አልን። የተሻለው ግን ሳሉ እንጂ ጉሮሮው አልነበረም። ከሆስፒታል በወጡ በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው፤ ትንፋሽ አጠራቸው፤ በሳንባ ምች ተመልሰው ተኙ። ያን ጊዜ ነው አንዲት ወጣት ነርስ አጠገባቸው ቆማ ሲናገሩ ካዳመጠች በኋላ «ድምፃቸው ሁልጊዜ እንዲህ እርጥብ ነው? ውኃ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ አይመስልም?» ብላ የጠየቀችን። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ሆስፒታል አንድ ሰው ይህን ጠይቆን ቢሆን ኖሮ የሚለው ነገር ዛሬም ሌሊት ሌሊት ያነቃኛል።

አቃቂን ስናልፍ ሾፌሩ ወደ ነገሩ ተመለሰ። «እውነት ኳሱ ለምንድን ነው?» አባቴ እኔን አዩኝ፤ ረጅም ማብራሪያ ያደክማቸዋል። እኔም አባቴ ራሳቸው ባለሙያዋ ካስረዳቻቸው በኋላ ለእማዬ እንዴት እንደተረጎሙላት ነገርኩት። ጉሮሮ ማለት ሁለት ቧንቧ በአንድ አፍ የሚካፈልበት መጋጠሚያ ነው። አንዱ ቧንቧ አየር ወደ ሳንባ ይወስዳል፤ ሌላው ምግብ ወደ ሆድ። ሰው በዋጠ ቁጥር ትንፋሹ ለአፍታ ይቆማል፤ ማንቁርቱ ወደ ላይና ወደ ፊት ይነሳል፤ የአየሩ ቧንቧ ይዘጋል፤ የምግቡ ቧንቧ በር ይከፈታል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። ሥራው ወደ 30 የሚጠጉ ጥንድ ጡንቻዎችን ይጠይቃል። «ቫልቩ ሳይዘጋ ነዳጅ ከለቀቅህ ሞተሩ ውስጥ ይገባል» አሉ አባቴ በመስታወቱ ወደ ውጭ እያዩ። ሾፌሩ ይህን ከእኔ ንግግር በተሻለ ተረዳው።

አንባቢም እዚያው በተቀመጠበት ሊሞክረው ይችላል። ሁለት ጣትዎን ማንቁርትዎ ላይ ያሳርፉና ምራቅዎን ይዋጡ። ጣትዎ ሥር ያ ነገር ዘለል ብሎ ሲመለስ ይሰማዎታል። በስትሮክ፣ በፓርኪንሰን፣ የአንገትና የጉሮሮ ካንሰር የጨረር ሕክምና በወሰዱ ሰዎች፣ አንዳንዴም በእርጅና ብቻ፣ ያ ዝላይ ያጥራል ወይም ይዘገያል። ጡንቻው ደክሟልና። እጅና እግር ሲደክም ፊዚዮቴራፒ እንደምናሠራ ሁሉ ጉሮሮም ሥራ ሊሰጠው ይችላል። ይህን ስሰማ በ48 ዓመቴ መጀመሪያዬ ነበር።

ገላንን አልፈን ሜዳው ሲከፈት አባቴ ንግግር ያቆማሉ፤ ማየት ይፈልጋሉ። በግራ የረር፣ በቀኝ ራቅ ብሎ ዝቋላ። በመሀሉ የአድአ መሬት። ድሮ በዚህ ወር ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ እንደ ውኃ ይወዛወዝ ነበር። አሁን ብዙው መጋዘንና ፋብሪካ ነው፤ በመሀል በመሀል ግን ጤፉ አለ። የአድአን ማኛ የማያውቅ የአዲስ አበባ እናት አለች ብዬ አላምንም። አባቴ ከቱቦ ወጥተው መጀመሪያ የጠየቁት እንጀራ ነበር። የተፈቀደላቸው ደግሞ የወፈረ አጥሚት።

የቱቦውን ነገር ላሳጥረው። ከሳንባ ምቹ በኋላ ሦስት ሳምንት በአፍንጫቸው በገባ ቱቦ ተመገቡ። ከዚያ በወሬ በወሬ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ የንግግርና የመዋጥ ሕክምና የምትሠራ አንዲት ባለሙያ አገኘን። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች በአገራችን እንደ ልብ አይገኙም። ዕድሜዋ ከመጨረሻዋ እህቴ ያንሳል። አባቴ «ዶክተር» ይሏታል፤ «ዶክተር አይደለሁም ሻምበል ባሻ» ትላቸዋለች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው «ዶክተር» ነው።

የመጀመሪያው ቀን አንድም እንቅስቃሴ አላሠራቻቸውም። እኔ ስልኬን አውጥቼ ከኢንተርኔት የለቀምኳቸውን እንቅስቃሴዎች ሳሳያት በትዕግሥት አየችና «የትኛው ጡንቻ እንደደከመ ሳናውቅ የትኛውን እናሠራለን?» አለችኝ። አፋቸውን፣ ምላሳቸውን፣ ጥርሳቸውን አየች። ጣቷን ማንቁርታቸው ላይ አድርጋ በሻይ ማንኪያ ጥቂት ጥቂት አስዋጠቻቸው። በእያንዳንዱ መዋጥ መሀል «አ» አስባለቻቸው። ድምፁ ከረጠበ አንድ ነገር ከላይ ቀርቷል ማለት ነው። ትን ሳይል፣ ሳል ሳይኖር ወደ ሳንባ የሚገባም እንዳለ የነገረችን ያን ቀን ነው። ጉሮሮው ስሜቱ ስለሚደክም ሰውየው አይስልም። እኛ «ተሻለው» ያልነው ያን ነበር። እንዲህ ያለው በእርግጠኝነት የሚታየው መዋጡን በኤክስሬይ እየቀረጹ ወይም በአፍንጫ ቀጭን ካሜራ አስገብተው ሲመረምሩ ብቻ ነው።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር አስተማረችን። ለደከመ ጉሮሮ ከምግብ ሁሉ አስቸጋሪው ብዙ ጊዜ ውኃ ነው። ቀጭን ስለሆነ ይሮጣል፤ ቫልቩ እስኪዘጋ አይጠብቅም። ወፈር ያለ ነገር ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ጊዜ ይሰጣል። የአጥሚቱን ውፍረት የምንለካበትን መንገድም አሳየችን። እሷ በሰጠችን 10 ሚሊ ሊትር በሚይዝ መርፌ የሌለው ስሪንጅ እንሞላለን፤ ጫፉን በጣታችን ይዘን እንለቃለን፤ ከ10 ሰከንድ በኋላ ውስጡ የቀረውን እናያለን። ውኃ ከሆነ ምንም አይቀርም። ለአባቴ የታዘዘው ከ8 ሚሊ ሊትር በላይ የሚቀርበት ነበር። እማዬ ሁለት ቀን በስሪንጁ ለካች፤ በሦስተኛው ቀን ማንኪያውን ዘቅዝቃ አየችና «ይሄ ነው» አለች። ለማረጋገጥ በስሪንጅ ለካሁት፤ ልክ ነበረች።

ዱከም ስንደርስ አባቴ «አቁም» አሉ።

የዱከምን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ግራና ቀኝ ሉካንዳ፣ የተሰቀለ ሻኛና ታላቅ፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ ቆራጮች፣ የሚጥሚጣና የአዋዜ ሽታ። አባቴ ደመወዝ በተቀበሉ ቁጥር፣ ጾም ካልሆነ፣ እዚህ ሳይወርዱ አልፈው አያውቁም ነበር። እኔ ሕፃን ሆኜ እዚሁ አግዳሚ ላይ አስቀምጠውኝ ጮማውን በቢላ እየቆረጡ፣ ለእኔ ጥብሱን እያዘዙ አድጌያለሁ። ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ኮሶ ትል የምለው አለኝ፤ ዛሬ ግን የመጣሁበት እሱ አይደለም።

«አልበላም፤ ልቀመጥ ብቻ» አሉኝ። ደግፌ አወረድኳቸው።

ባለ ሉካንዳው ከሩቅ አያቸው። ቢላውን ጥሎ መጣ። «ሻምበል ባሻ! ሞቱ ብለውኝ ነበር እኮ!» ብሎ አገላብጦ ሳማቸው። አልቅሶም ነበር መሰለኝ። ከዚያ ማንም ምንም ሳይለው ተመልሶ ገባ፤ ከሻኛው አውራ ጣት የሚያህል ቆረጠ፤ አዋዜ ውስጥ ነከረው፤ በእጁ ይዞት መጣ። እጁ ወደ አባቴ አፍ ተዘረጋ።

እዚህ ላይ የማደርገው ጠፋኝ። ጉርሻ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ሰው የሞተ የመሰለውን ወዳጁን አግኝቶ ያለውን ሁሉ በጣቱ ይዞ ቆሟል። ግን ጥሬ ሥጋ ላልጠነከረ ጉሮሮ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ክሩ አይበጠስም፤ ሳይላመጥ ይንሸራተታል፤ ከተሳሳተ የአየሩን ቧንቧ ድፍን አድርጎ ይዘጋል። ተነሥቼ በመሀላቸው ልገባ ስል አባቴ ግራ እጃቸውን አነሡ።

«ጉሮሮዬ ገና ጥገና ላይ ነው» አሉት። «እስኪለቀቅ በእኔ ፈንታ አንተ ብላው። እያየሁህ።»

ሰውየው አንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ አባቴ ፊት ለፊት ተቀምጦ ጉርሻውን በራሱ አፍ ውስጥ አደረገ፤ ቀስ ብሎ አላመጠ። አባቴ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያም አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው፣ የአንገታቸው ሥር እስኪታይ ድረስ፣ ምራቃቸውን ዋጡ።

ምራቅ መዋጥ በአማርኛችን የጓጓ ሰው ሥራ ነው። ለአባቴ ግን የታዘዘ ልምምድ ነው። ባለሙያዋ «አንድ ትልቅ ነገር እንደሚውጡ አድርገው፣ የአፍና የጉሮሮ ጡንቻዎን በሙሉ ጨምቀው ምራቅዎን ይዋጡ» ብላቸዋለች። ምላስ ላንቃን አጥብቆ ይገፋል፤ ጉሮሮ ይጨመቃል፤ የሚቀረው ምግብ ያንሳል። በቀን ብዙ ጊዜ ይሠሩታል፤ የልብ ችግር ስላለመኖሩ ግን አስቀድማ ጠይቃናለች፤ እንዲህ በኃይል መዋጥና ትንፋሽ መያዝ ለልብ ሕመምተኛ የሚያሰጋ ጊዜ አለ። ዱከም ላይ ያን ቀን አባቴ አሥር ጊዜ ያህል በኃይል ዋጡ። መኪና ውስጥ ስንመለስ «ከቤት ይልቅ እዚህ ይሻላል» አሉኝ፤ «እዚያ ምራቁ ራሱ አይመጣልኝም»። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ አፉ የደረቀ ሰው መዋጥ ይከብደዋል።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ለአባቴ ግን ሌላ አየር ነው። ከተማው መግቢያ ላይ ጋሪዎቹንና ባጃጆቹን ሲያዩ ትከሻቸው ይላላል። ቤታችን ከቢሾፍቱ ሐይቅ ብዙ አይርቅም። እንግዳ ሰው መጀመሪያ ሲመጣ ሐይቁን ፈልጎ ያጣዋል፤ ሜዳ ላይ ያለ ሐይቅ አይደለምና። እየተራመድክ ትሄድና በድንገት መሬቱ ከእግርህ ሥር ያልቃል፤ ወደ ታች ስትመለከት ክብ ጎድጓዳ፣ ገደሉ በዛፍ የተሸፈነ፣ መሀሉ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ውኃ። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ሆራም፣ ባቦጋያም እንዲሁ ናቸው። ከተማዋ በእነዚህ ጉድጓዶች ጠርዝ ላይ ነው የተቀመጠችው።

አሥር ሰዓት ሲሆን አባቴ ወንበራቸው ገደሉ አፍ ላይ ካለው ግራር ሥር ይወጣላቸዋል። ኳሱም አብሮ።

የኳሱ ታሪክ እንዲህ ነው። የጉሮሮ ጡንቻ ልምምድ ሲባል በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው ሬዛ ሻከር የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ያጠኑትና በስማቸው የሚጠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ጤነኛ አረጋውያን ይህን ሲሠሩ የምግብ ቧንቧው በር በተሻለ እንደሚከፈት አሳዩ። ሰውየው በጀርባው ይተኛል፤ ትከሻው ከመሬት ሳይነሳ ጭንቅላቱን ብቻ አንሥቶ የእግሩን ጣቶች ያያል። አንድ ደቂቃ ይዞ ይቆያል፤ አንድ ደቂቃ ያርፋል፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ሳይቆይ 30 ጊዜ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት። ለመስማት ቀላል ነው። እኔ ጤነኛዋ ቤት ውስጥ ሞክሬ ደቂቃውን ሳልጨርስ አንገቴ ተንቀጠቀጠ።

አባቴ ግን የቆየ የአንገት አጥንት ሕመም አለባቸው፤ ከአውሮፕላን ሆድ ሥር ቀና ብሎ የመሥራት ዋጋ። ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ የሻከርን ልምምድ ከመጀመሪያው ተወችው። በምትኩ የሰጠቻቸው በሲንጋፖር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ጥናታቸውን ያሳተሙበትን ነው። ተቀምጠው ይሠሩታል። ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ ኳስ በአገጭና በደረት መሀል ይገባል፤ አገጩ ኳሱን ወደ ታች ይጨምቀዋል። የሚሠራው ከአገጭ በታች ያለው፣ ማንቁርቱን ወደ ላይ የሚስበው ጡንቻ ነው። እዚህም ያው፤ አንድ ደቂቃ ጨምቆ ይዞ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ 30 ጊዜ ጨመቅ ለቀቅ።

ኳሱን ፍለጋ አዲስ አበባን ዞርኩ። የሚሸጠው ወይ ትልቅ ነው ወይ ድንጋይ። የወንድሜ ልጅ፣ የ11 ዓመቱ፣ ሲሰለቸው «ለምን የካልሲ አንሠራላቸውም?» አለ። አባቴ ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። ካልሲው የራሳቸው የድሮ የሥራ ካልሲ ነው። ውስጡ ጨርቅ ሞላበት፤ አባቴ በግራ እጃቸው አፉን እንዴት አዙሮ እንደሚታሰር አሳዩት። እሳቸው በዚህችው ከተማ በልጅነታቸው በስንት የካልሲ ኳስ ተጫውተዋል። በማስመሪያ ለካነው፤ 12 ሴንቲ ሜትር። ለባለሙያዋ ስናሳያት ጨመቅ አድርጋ አየችና «ይሠራል» አለች።

መጀመሪያ ሰሞን አንድ ደቂቃ የሚባል ነገር አልነበረም። አሥር ሰከንድ ሲሞላ ኳሱ ይወድቃል፤ የልጅ ልጃቸው ያነሣል። አባቴ ይናደዳሉ። አንድ ቀን ኳሱን ገደል ውስጥ ሊወረውሩት ሁሉ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት 20 ሰከንድ ደረሱ። በአምስተኛው ሳምንት ደቂቃውን አንድ ጊዜ ሞሉት። ስድስት ሳምንቱ ለእሳቸው አልበቃም፤ ለሦስት ወር ያህል ሠሩት። ዛሬ ሦስቱንም ይሞላሉ፤ እኔ የሰዓቴን ቆጣሪ እያየሁ፣ እሳቸው ሐይቁን እያዩ።

ሌላም አለ። ምላስን በፊት ጥርስ መሀል ቀስ አድርጎ ይዞ ምራቅ መዋጥ። የጉሮሮውን የኋላ ግድግዳ ወደ ፊት እንዲመጣ ያስገድደዋል። አንባቢ ቢሞክረው ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያየዋል። ይህ በምራቅ ብቻ እንጂ በምግብም ሆነ በውኃ ፈጽሞ አይሠራም፤ ምላስ ተይዞ ሳለ ጉሮሮው ይበልጥ ክፍት ነውና። ለወንድሜ ልጅ ይህን ደጋግመን ነግረነዋል፤ አያቱን ማስኮረጅ ይወዳል።

ሐይቁ ላይ ጥቁር ወፎች አሉ፤ ጠልቀው ዓሣ ይዘው ይወጣሉ። አንገታቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው ዓሣውን እንዳለ ይውጡታል። አባቴ ኳሱን እንደያዙ በዓይናቸው ይከተሏቸዋል። ደቂቃው ሲያልቅ «ያንን ወፍ ማን አስተማረው?» አሉኝ። ለሰው ቀና ማለት ነው ክፉው። እኛ ለታማሚ ስናጠጣ አንገቱን ወደ ኋላ እንለውጣለን፤ ክኒን ስንሰጥም እንዲሁ። ያን ጊዜ የአየሩ ቧንቧ ይከፈታል። አባቴ የተነገራቸው ተቃራኒውን ነው፤ አገጭ ዝቅ። ይህም ለሁሉ ሰው የሚሆን አይደለም፤ ለአንዳንዱ ጭንቅላትን ወደ ደከመው ጎን ማዞር ነው የሚሻለው። በየጊዜው እየባሰ በሚሄድ የነርቭ ሕመም ለተያዘ ሰው ደግሞ ይኸው የእኛ ልምምድ ጭራሽ ሊያደክም ይችላል። ጎረቤታችን ለእናቷ የእኛን ኳስ ልትዋስ ስትመጣ ኳሱን ሳይሆን የባለሙያዋን ስልክ የሰጠኋት ለዚህ ነው። ቅር እንዳላት አውቃለሁ።

እማዬ በዚህ ሁሉ ውስጥ የራሷን ሥራ አላት። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከበሉም በኋላ፣ የአባቴን አፍ በለስላሳ ብሩሽ ታጸዳለች። የአፍ ውስጥ ቆሻሻ ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ከገባ የሳንባ ምቹን የሚያመጣው ጀርም እሱ ነው። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጋደም አይሉም። ሲበሉ ቴሌቪዥን ይጠፋል። ስልክም አይነሣም። እኔ ብቻ ነኝ ይህን ሕግ የምጥሰው፤ ስቀጣም አውቃለሁ።

ያን ቅዳሜ ማታ ገበታው ከወትሮው ይለይ ነበር። ዓርብ ዕለት አዲስ አበባ የሄድነው ለቁጥጥር ነው። ባለሙያዋ ብዙ ካስዋጠቻቸው፣ ካዳመጠቻቸው በኋላ በስሱ የራሰ ፍትፍት ፈቅዳላቸዋለች። ቆሎ የለም፤ ዳቦ የለም፤ ሥጋ የለም፤ መረቁ ለብቻ እንጀራው ለብቻ የሚዋኝ ነገርም የለም፤ ቀጭንና ወፍራም በአንድ ላይ ሲመጣ ጉሮሮ ይምታታበታል። እማዬ ግን ማኛውን ከሌሊት ጀምራ ያሰበችበት ትመስላለች። ትኩስ እንጀራ ጠርዙን አውጥታ፣ በለጋ ሽሮ አርሳ፣ ፈትፍታ፣ እንደገና በማንኪያ ጀርባ አድቅቃ አቀረበችው። አንድ ዓይነት፣ ለስላሳ፣ እርጥብ።

እናት ልጅ ሆነን ስንተያይ የወንድሜ ትንሿ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ፣ እጇን ታጥባ መጣች። «አባባን ማጉረስ እፈልጋለሁ።»

ዓመት ሙሉ ተከልክላለች። ምክንያቱን አታውቅም ብዬ አስቤ ነበር። ቀድማኝ የሻይ ማንኪያውን ከፌስታሉ አወጣች፤ ፍትፍቱን ግማሽ ማንኪያ ለካች፤ ማንኪያው ላይ ያለውን በሦስት ጣቷ ሰብስባ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ጉርሻ አደረገችው። እማዬ ሳህኑን ይዛ ቆመች። ወንድሜ ቴሌቪዥኑን አጠፋ።

አባቴ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። አፋቸውን ከፈቱ። ጉርሻው ገባ። ረጅም ጊዜ አላመጡት፤ የሚላመጥ ነገር አልነበረውም፤ ማጣጣም ነው። ከዚያ አገጫቸው ዝቅ አለ። ማንቁርታቸው ተነሣ፣ ቆየ፣ ወረደ። አንድ ጊዜ ደግመው በባዶው ዋጡ። ማንም አልተናገረም።

«አ» በሉ አለቻቸው ትንሿ።

«አ፣ አ፣ አ» አሉ አባቴ። ደረቅ ነበር። ጥርት ያለ።

«አንድ ያጣላል!» ብላ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። አባቴ ግራ እጃቸውን አንሥተው አንድ ጣታቸውን አሳዩዋት፤ ቆይ ማለታቸው ነው። እሷም ማንኪያውን እንደያዘች፣ ዓይኗን ጉሮሯቸው ላይ ተክላ፣ ድምፅ ሳታወጣ በከንፈሯ ትቆጥር ጀመር።